ያለፍኩት ሰው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬም ውሃ የለም። ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ አንድ ጀሪካንና አንድ የተሰነጠቀ ጆግ። አሥራ አምስት ዓመት ተምሬ እጄን የምታጠበው ሰው በጆግ እያፈሰሰልኝ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ስታፈስልኝ፣ "ዶክተር ቶሎ በይ፣ ለሌላውም ይብቃ" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ማረፊያ ክፍላችን ፍሪጅ ውስጥ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፍርፍር አለ። ሦስተኛ ሳምንቱ። ጸጉር አብቅሏል። ሁሉም ከፍቶ ያየዋል፣ "ኤጭ!" ይላል፣ ይዘጋል። እኔም እንደዚያው።

ማታ እማዬ ጎረቤት ፊት "ልጄ የልብ ሐኪም ናት" ስትል ሰማኋት። አይደለሁም አልኳት፣ ሰዎቹ ሲሄዱ። ታዲያ ምንድን ነሽ አለችኝ። መኪና የገጨው፣ ከፎቅ የወደቀ፣ የተወጋ ሲመጣ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ፤ ሆዱን ከፍቼ ደሙን አቆማለሁ፣ ከዚያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማሽን ላይ እጠብቀዋለሁ አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ይሄማ ረጅም ነው፤ ልብ ይሻላል" አለች።

ሰባት ዓመት ሕክምና። ሁለት ዓመት ገጠር። አራት ዓመት ቀዶ ሕክምና። አሁን የትራውማ፣ የድንገተኛ አደጋ፣ ሥልጠናው ሁለተኛ ዓመት። አብረውኝ ከተማሩት ግማሾቹ የግል ክሊኒክ ውስጥ ትርፍ አንጀት እያወጡ በጊዜ ቤታቸው ይገባሉ። እኔ ከቤቴል አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሆስፒታል፣ ተመላሽ። ጥር ላይ የመጨረሻ ግምገማዬ ነው። ሁለት ወር! ሁለት ወር ብቻ አፍንጫዬን ይዤ ልለፍ…

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

እግሬ አብጧል። ጫማዬን በግድ አወለቅኩ።

ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ አንድ ገልባጭ መኪና ፍሬን በጥሶ 18 ማዞሪያ ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ ውስጥ ገባ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው አመጡልን። በአምቡላንስ የመጡት ሁለቱ ብቻ። የቀሩት በላዳ፣ በባጃጅ። አንዲት ልጅ በፒካፕ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር።

በር ላይ ቆሞ የመለየቱ ሥራ የኔ ነበር። የሚራመድ አረንጓዴ። መጠበቅ የሚችል ቢጫ። አሁኑኑ ካልተያዘ የሚሞት ቀይ። የሞተ፣ ወይም ምንም ቢደረግለት የማይተርፍ ጥቁር። የቀለም ካርዱ ስምንት ሰው ላይ አለቀ። ከዚያ ፕላስተር እየቀደድን፣ በማርከር እየጻፍን ደረታቸው ላይ ለጠፍን። ከጀርባዬ ተለማማጁ ሐኪም፣ ኢንተርኑ፣ እየሮጠ ይጽፋል።

ሦስት ሰው ጥቁር አልኩ። ሁለቱ ሞተው ነው የመጡት።

ሦስተኛው…

ስድስት ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ገባሁ። ቀይ ነው ብለው ያስገቡት ሰው። ሆዱን ስከፍት ደሙ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጣፊያው ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። አወጣሁት፣ ቋጠርኩ፣ ቆመ። እጄ ጥሩ ነበር ዛሬ። ስጨርስ የፊቱን ጨርቅ ገለጡት።

ደክሞኛል። ነገ እጽፈዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ልጻፈው። ማን ያነበዋል?

ያ ሰው ጥቁር ያልኩት ሦስተኛው ነው።

ሲመጣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው አስተኝተውታል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የተራ አስከባሪ ሰደርያ ለብሷል። አፉ እስከ ከንፈሩ ትውከት ሞልቷል። ሽታው አረቄ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ላይ! ቢጫ ነገር ጉንጩ ላይ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ገብቷል። ቀፈፈኝ።

ሕጉን ማንም ተማሪ ያውቀዋል። የማይተነፍስ ሰው ካገኘህ አፉን አጽዳ። አገጩን ቀና አድርግ። ከዚያ እየው። ያኔም ካልተነፈሰ ነው ጥቁር የምትለው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። እኔ ራሴ ነኝ ለኢንተርኖቹ የማስተምረው።

አፉን አላጸዳሁም። ፊቴን ወዲያ አዙሬ ሁለት ጣቴን አንገቱ ላይ አሳረፍኩ። ምንም አልተሰማኝም። ቆይቼ ነበር ወይ? አልቆየሁም። "ይሄ አልቋል፣ እለፉት" አልኩ።

ጓንት አድርጌ ነበር እኮ። ሰገራ የፈሰሰበት ሆድ ውስጥ እስከ ክንዴ የምገባ ሰው ነኝ። መግል፣ የበሰበሰ እግር፣ ትል ያፈራ ቁስል፣ ምንም አይመስለኝም፤ እጄን ታጥቤ ምሳዬን እበላለሁ። ያንን ትውከት ምን ለየው?

አረቄው ነው የለየው። ሌላ ምክንያት እየፈለግኩ አልዋሽም። ልጅ ሆነን ሰካራም ሲመጣ እማዬ እጃችንን ይዛ መንገድ ታሻግረን ነበር። ያደግኩት እንደዚያ ነው። ትናንትም ፊቴን ሳዞር በሆዴ "ያው የፈለገውን አገኘ" ብያለሁ። ብያለሁ!

ያተረፈችው ሲስተር የኔነሽ ናት። እሷ የተመደበችው ቢጫዎቹ ጋ ነበር። ሬሳዎቹ ከተቀመጡበት ጥግ የሚያንኮራፋ ነገር ሰማሁ ብላ ሄደች። ጣቷን በፋሻ ጠቅልላ አፉን ጠረገች። አንዴ አየር ሳበ። ደግማ ጠረገች፣ አገጩን ቀና አደረገች፣ መተንፈስ ጀመረ። የኔን ፕላስተር ልጣ ጣለችና ቀይ ጽፋ ለጠፈችበት። አልጋውን ራሷ ገፍታ አስገባችው።

ይህን ዛሬ ነው የነገረችኝ፤ መተላለፊያው ላይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አልተቆጣችም። ባትቆጣም ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የጠዋት ስብሰባ ላይ ዶክተር ዳኛቸው አስጨበጨበልኝ።

ስክሪኑ ላይ የሰውየው ቅጽ አለ። የመጀመሪያ ልየታ፦ ቀይ። የለየው ሐኪም፦ ዶ/ር ጸሎት። ከሥሩ ፊርማዬ። ኢንተርኑ ቅጾቹን ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ በንጹሕ ወረቀት ገልብጧቸዋል፤ ሰውየው ያኔ ቀይ ስለነበር፣ ጥቁር መባሉን በዚያ ግርግር ሳያስታውስ፣ ቀይ ብሎ ጻፈ። እኔም አሥራ ዘጠኙን አንድ ላይ ፈረምኩ። አላነበብኳቸውም።

ዶክተር ዳኛቸው ሁለት ዓመት ሙሉ አመስግኖኝ አያውቅም። አሰልጣኜ ነው፤ ከአፉ የሚወጣው ሁሉ "እንደገና ስፊው" ነው። ዛሬ ግን ለሌሎቹ ሰልጣኝ ሐኪሞች፣ "ሌላ ሰው ቢሆን ሞቷል ብሎ የሚያልፈውን ነው ያገኘችው፤ ትራውማ ማለት ይሄ ነው" አላቸው። ጭብጨባው…

የሰው ወርቅ አያደምቅ። ፈገግ አልኩ እንጂ! ራሴን በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አየሁት፤ ፈገግ ያለ ፊት። አስጠላኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ሰውየው ከመተንፈሻ ማሽኑ ወረደ። አሥራ ሁለት ቀን ቆየ። ሳንባው ያቆየው ያ ትውከት ወደ ውስጥ ገብቶበት ነው። እኔ ቀድሜ ባጸዳው ኖሮ ስንት ቀን ይቆይ ነበር? አስቤ ተውኩት።

ስሙ ባጫ ነው። የሳንሱሲ ሰው። ሚስት አለችው፣ በየቀኑ ትመጣለች፣ እጄን ልትስም ትጎነበሳለች። እጄን ከኋላዬ እደብቃለሁ። ትሕትና መስሏት ይበልጥ ትመርቀኛለች።

እማዬ ደግሞ አገኘችው! የቤተ ክርስቲያናቸው የሕሙማን ጥየቃ ቡድን ዛሬ የኛ ሆስፒታል ተራው ነበር። ሙዝ ይዘው ገቡ፣ ጸለዩለት። ቤት ስገባ "አንድ ምስኪን አገኘሁ፣ አንቺ ነሽ አሉ ያተረፍሽው" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ራት አልበላም ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

የኔነሽ የዲሲፕሊን ክስ ደረሳት።

ያን ቀን ቢጫዎቹን ትታ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ጠፍታለች ብሎ የአንዷ ታማሚ ወንድም ከስሷል። የት ነበርሽ ሲሏት እውነቱን ጻፈች። ጥቁር የተባለ ሰው ሲተነፍስ ሰምቼ ሄድኩ፣ ፕላስተሩን ቀየርኩ አለች። ቅጹን አወጡ። ቅጹ ከመጀመሪያውም ቀይ ነው ይላል። ስለዚህ ከምድብ ቦታ መጥፋት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሐሰት ቃል መስጠትም ተጨመረባት። ከዚህ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለባት። ሁለተኛው ያሰናብታታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ድረስ መጣች። ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችኝ።

"ዶክተር፣ እኔ ምስክር የለኝም። ያየነው እኔና አንቺ ነን። ፊርማው ያንቺ ነው።"

እስቲ አየዋለሁ አልኳት። አየዋለሁ! ለታማሚ ቤተሰብ መልስ ስናጣ የምንላት ቃል። እሷም ቃሏን ታውቃታለች፤ ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ዶክተር ዳኛቸው ቢሮ ሄድኩ። ግማሹን ነገርኩት። ጥቁር ብዬው እንደነበር ነገርኩት፤ ለምን እንዳልኩት ግን አልነገርኩትም።

በሩን ዘጋው። በር ዘግቶ አያውቅም። ሰውየው ድኗል፣ ማን ተጎዳ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንድ ሰዓት የለየ ሰው አንድ ቢሳሳት ማን ይፈርድበታል፣ ግን ወረቀት ላይ ከወጣ ግምገማሽ ጥር ላይ አይኖርም አለኝ። ለነርሷ እኔ ከነርሶች አለቃዋ ከማትሮኗ ጋር እነጋገርላታለሁ፣ ከባድ ነገር አይደርስባትም አለ። ስወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ "ዝም አይነቅዝም፣ ጸሎት" አለኝ።

ሽቶው ትከሻዬ ላይ ቀረ። ቤት ስገባ ሹራቡን አውልቄ ባልዲ ውስጥ ነከርኩት።

ግን እፎይ አላልኩም ነበር እንዴ? ደረጃውን ስወርድ እግሬ ቀሎኝ አልነበረም? ከሱ ሽቶ የኔ እፎይታ ይብሳል።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 20

ቤተ ክርስቲያን። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር እንደደበቀች ያስታውቃል። ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ።

የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ባጫ ወጣ። ከስቷል፣ የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ተንሳፍፏል። እማዬ ናት ያመጣችው። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ይመጣ ነበር አሉ፣ ሦስት እሁድ። እኔ ዱቲ ላይ ስለነበርኩ አላየሁትም።

ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ። ሰካራም ነበርኩ አለ። ያን ቀንም ሳይነጋ ጀምሮ ጠጥቼ ነበር አለ።

"ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውብኝ ነበር" አለ።

ሃሌሉያው ጣሪያውን አነቃነቀው።

ይህችን አረፍተ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ኖሬያለሁ። ሐኪም ተስፋ ያልቆረጠበት ምስክርነት የለም። ሁልጊዜ ታንገሸግሸኛለች። ሠላሳ ስድስት ሰዓት ቆመን፣ ደም ለምነን፣ ከራሳችን ክንድ ቀድተን ያተረፍነው ሰው ማይክ ሲይዝ እኛ ተስፋ የቆረጥን እንሆናለን። ስንቴ ከእማዬ ጋር ተጣልቼበታለሁ። ዛሬ ሰውየው የተናገረው እውነት ነው፣ ቃል በቃል። እሱ ግን እንደ ልማዱ ነው ያላት ብዬ ተጽናናሁ። ምን ያውቃል? ራሱን ስቶ ነበር።

ከዚያ ፓስተሩ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገችው እህታችን እዚሁ መሃላችን ናት አለ። እማዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። ቆምኩ። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ባጫ ከመድረኩ ላይ አየኝና አንገቱን ደፋ። ያን ሰዓት የኔነሽ ቤቷ ቁጭ ብላ የሐሙሱን የዲሲፕሊን ስብሰባ ትጠብቃለች።

ቤት እንደደረስን ባኞ ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ "ሥራው ነው የገደለሽ" ትላለች። አጠብኩት፣ በእጄ። ምንም አልነበረውም። የሰው ትውከት ነው፣ በቃ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ኮሚቴው አራት ሰው ነው። ማትሮኗ፣ የሰው ሀብት ኃላፊው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ልጅ፣ ዶክተር ዳኛቸው። የተጠራሁት ፊርማዬን እንዳረጋግጥ ብቻ ነበር። የኔነሽ ጥግ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

ማትሮኗ ቅጹን ገፋ አደረገችልኝ። ፊርማው ያንቺ ነው አለችኝ።

"የኔ ነው። የተጻፈው ግን ውሸት ነው" አልኩ።

ዶክተር ዳኛቸው ጣራውን አየ። ነገርኳቸው። ጥቁር ያልኩት እኔ ነኝ፣ የቀየረችው እሷ ናት፣ ባትቀይረው ዛሬ ሰውየው የለም።

ማትሮኗ አፉን ለምን አላጸዳሽም አለችኝ። ጥያቄው እንደማይቀር አውቄ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ አድሬ ነበር። የሰው ብዛት፣ ጩኸት፣ ድካም። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም መልስ አይደለም።

ስለቀፈፈኝ ነው አልኳት።

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ እስክሪብቶውን አንስቶ ኃላፊውን አየ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገና "በሥራ ጫና ምክንያት ብለህ ያዘው" አለው። ለኔ አዝኖ ነው። ሊያድነኝ ነው።

"አይደለም። ቀፈፈኝ ብለህ ጻፍ። አረቄ ሸተተኝና ቀፈፈኝ። ሰካራም ስለሆነ ናቅኩት" አልኩት።

ልጁ ጻፈ። ቀስ ብሎ ነው የጻፈው።

የሐሰት ቃል የሚለው ክስ ተነሣላት። ከምድብ ቦታ መጥፋቱ ግን ቀረ፤ ሕግ ሕግ ነው አሉ። ከሥራ አትሰናበትም፣ ሦስት ወር ወደ ቀጠሮ ክፍል ትዛወራለች። ሰው አትርፋ ተቀጣች። ይሄም ያስጠላል።

መተላለፊያው ላይ ደረስኩባት። እሷ ቀደመችኝ።

"አሥራ አራት ቀን አስጠበቅሽኝ" አለችና ሄደች።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ደብዳቤው ትናንት ደረሰኝ። ሥልጠናዬ ስድስት ወር ተራዝሟል፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ፣ በክትትል። ከኢንተርኖች ጋር። ዶክተር ዳኛቸው ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ አልጠራኝም፤ "አንቺ" ነው የሚለኝ። እማዬ ደብዳቤውን አላየችውም። ግምገማው ለምን ቀረ ስትለኝ ወረቀት አላለቀም አልኳት።

ዛሬ ባጫ ለቀጠሮ መጣ። የኔነሽ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ሁለታችንንም አየችን፣ ወጥታ በሩን ዘጋች።

ሆዱን አየሁት። ቁስሉ ደርቋል። ጣፊያው ለወጣ ሰው የሚሰጠውን ክትባት ቀን ነገርኩት። ከዚያ ልነግረው የወሰንኩትን ነገርኩት፣ ቆሜ። ያን ቀን በር ላይ ሞቷል ብዬ ያለፍኩዎት እኔ ነኝ አልኩት። አፍዎን ሳላጸዳ። ከሲስተሯ በቀር የሰማዎት የለም አልኩት።

የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር። አላቆመም።

"አውቃለሁ" አለኝ።

ሲስተር ነገረችዎት ወይ አልኩት።

"ማንም አልነገረኝም። እሰማ ነበር፣ መናገር ነው ያቃተኝ። 'ይሄ አልቋል፣ እለፉት' ሲሉ ሰምቻለሁ። በኋላ ማሽኑ ላይ ሆኜ ያው ድምፅ በየጠዋቱ ሲመጣ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ሊጨርሱኝ የመጡ እየመሰለኝ።"

ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ካርዱ ላይ "ተረጋግቶ ተኝቷል" ብዬ ጽፌያለሁ። በእጄ ጽሑፍ።

ይቅርታ አልኩት። ከይቅርታ ሌላ ቃል የለም እንዴ በአማርኛ? እሱ እግዜር ይስጥልኝም፣ ምንም አይደለምም አላለኝም። ኮፍያውን አነሳ።

ታዲያ መድረክ ላይ ለምን አልተናገሩም አልኩት። ማይኩ እጅዎ ላይ ነበር፣ እኔ እዚያው ነበርኩ። ለምን ሐኪሞች ብለው አለፉት?

እንደ ተላላ አየኝ።

"እናትዎ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር እኮ" አለኝ።

ወጣ። ከሱ በኋላ ሰባት ሰው አየሁ፤ ማንን እንዳየሁ አላስታውስም።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በጊዜ ገባሁ። እማዬ ሳሎን ናት፣ ከስልክ ላይ መዝሙር ከፍታ ሽንኩርት ትልጣለች። ቅድም ስገባ "ባጫ ደህና ነው?" አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ መዝሙሩን ቀንሺው አልኳት። ልብሴን ልቀይር ብዬ ነው ክፍሌ የገባሁት።

መዝሙሩ ቀንሷል። እየጠበቀችኝ ነው።